ስብሰባችንን በምን ሥርዓት እንምራ?

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በደንብ አጥኚ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ማኅበሩ በአሥር ዓመት ውስጥ የሠራውን ዘርዝረውላችኋል። ሐዘንተኛን ስለ ማጽናናት፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት፣ ከአገር ቤት አዲስ ለሚመጣ ሰው ስለሚደረገው እርዳታ ሰምታችኋል። የእኛ ርእስ እንደ እነርሱ ልብ የሚነካ አይደለም። የእኛ ርእስ ስብሰባ ነው። ቃሉን ስንጠራው ከመካከላችሁ ጥቂቶች ሰዓታችሁን ስታዩ አይተናል፤ አልተቀየምንም።

እኛ ማለታችን፣ ቦርዱ የመተዳደሪያ ደንቡን የስብሰባ ክፍል አጥንታችሁ አቅርቡ ብሎ የመደበን ሦስት ሰዎች ነን። በመካከላችን የሕግ ባለሙያ የለም። ሦስታችንም አርባዎቹን የያዝን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ደጅ ረግጠን ሳንጨርስ የወጣን፣ ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዳን ልጆቻችንን የምናሳድግ ነን። መጽሐፉንም በአብዛኛው ያነበብነው በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ቦታ ተራችን እስኪደርስ ስንጠብቅ ነው። ስለ ተራ መጠበቅ እንግዲህ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም።

ይህን ጉዳይ በበዓል ቀን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በስደት ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት እንዴት እንደሚወለዱና እንዴት እንደሚሞቱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲወለዱ በእልልታ ነው፤ ሲሞቱ በስብሰባ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለትና ሦስት ማኅበር፣ ሁለትና ሦስት የእንቁጣጣሽ በዓል ሲታይ ሰው "ፖለቲካ ነው የለያያቸው" ይላል። ፖለቲካ የለበትም አንልም። ነገር ግን ሰውን ማኅበር ጥሎ እንዲወጣ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በሐሳብ መሸነፉ ሳይሆን ሳይሰማ መሸነፉ ነው ብለን እናምናለን። "እጄን አውጥቼ ዕድል ተነፈግሁ"፣ "እኔ ባልነበርኩበት ቀን ተወሰነ"፣ "ለመሆኑ ድምፁን የቆጠረው ማን ነው?" የሚሉት ሦስት አነጋገሮች ለስንቱ ማኅበር መፍረስ ምክንያት እንደ ሆኑ እናንተው ቁጠሩት። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ነገር አንድ ነው። በድምፅ የተሸነፈ ሰው በማግስቱም አባል ሆኖ እንዲቆይ የሚያስችል የስብሰባ ሥርዓት እንያዝ ነው የምንለው።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት አዲስ ፈጥረን መጻፍ አያስፈልገንም። በዚህ አገር ከትንሽ የሠፈር ማኅበር አንሥቶ እስከ ትልቅ የሙያ ማኅበር ድረስ እጅግ ብዙዎች የሚጠቀሙበት "ሮበርትስ ሩልስ ኦቭ ኦርደር" የሚባል መጽሐፍ አለ። እኛ ለአነጋገር እንዲመች "የሮበርት ደንብ" እንለዋለን። የሰውየው ታሪክ ራሱ ጥቂት እንድንቆይበት የሚያደርግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ማርቲን ሮበርት በ1837 በሳውዝ ካሮላይና የተወለደ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበር። ልብ በሉ፤ ሥራው ምሽግና ወደብ መሥራት እንጂ ጠበቃነት ወይም የምክር ቤት አባልነት አልነበረም። በ1863፣ የርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በማሳቹሴትስ በኒው ቤድፎርድ ከተማ ሳለ አንድ ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ተጠየቀ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም፤ እምቢ ማለትም የባሰ መሰለው። እንደ ምንም መርቶ ኃፍረት ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ስብሰባ አመራር አንድ ነገር ሳያውቅ ዳግመኛ ስብሰባ ላይ ላለመገኘት ለራሱ ቃል ገባ።

እኛን ከሁሉ የበለጠ የገረመን ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። በ1867 ወደ ሳንፍራንሲስኮ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ሳንፍራንሲስኮ ከየስቴቱ የተሰባሰበ ሰው የሞላባት አዲስ ከተማ ነበረች። ሮበርት በየስብሰባው ሲገኝ፣ እያንዳንዱ ሰው ከመጣበት አገር የለመደውን አሠራር ትክክለኛው ይኸው ነው ብሎ ይዞ፣ ጉባኤው ገና ወደ ጉዳዩ ሳይገባ በአካሄዱ ሲጨቃጨቅ አየ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። የተጣሉት ሁሉም የየራሱን ሥርዓት ስለሚያውቅ ነው። ከየቦታው የመጣ ሰው፣ አዲስ ከተማ፣ ሁሉም የለመደውን ይዞ፤ ይህ ማንን እንደሚመስል ልንነግራችሁ አያስፈልገንም።

መጽሐፉን በ1876 በራሱ ገንዘብ 4,000 ቅጂ አሳተመ። 176 ገጽ ያላት፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ መጽሐፍ ነበረች። ለሁለት ዓመት ይበቃል ያለው እትም በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። ከእርሱ በፊት ቶማስ ጀፈርሰን በ1801 ያሳተመው የስብሰባ መመሪያ ነበር፤ ነገር ግን እርሱ የተጻፈው ለሴኔቱ ነው። ሮበርት የጻፈው ግን ደመወዝ ለማይከፈለው፣ ከሥራ ውሎ ደክሞት ለሚሰበሰብ ተራ ሰው ነው። እርሱ በ1923 በጄኔራልነት ማዕርግ ዐረፈ፤ መጽሐፉ እየተሻሻለ ቀጥሎ 12ኛው እትም በ2020 ወጣ። ዛሬ ከ700 ገጽ በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ መግባቱ ቀርቷል።

ከዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች "እኛ ሥርዓት ከፈረንጅ የምንማር ሕዝብ ነን ወይ?" ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አይደለንም። የቀድሞው ሙግታችን "በላ ልበልሃ" ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ተራ ይዘው ይናገሩበት የነበረ፣ አነጋገርና አካሄድ ያለው ነበር። በእድራችንም ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ያረፈደና የቀረ ይቀጣል። ሽምግልናችንም ሌላው ቢቀር ሰውን አዳምጦ በመጨረስ ማንም የሚበልጠው አይደለም። ይሁን እንጂ ሽምግልና ለእርቅ ነው። ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ ሰዓት አይቆጥርም፤ ሁለቱም ወገኖች እስኪስማሙ ይቀመጣል፤ ካልሆነለት ሌላ ቀን ይቀጥራል። የአዳራሽ ኪራይ ውል እስከ ዓርብ ድረስ ፈርሙ ወይም ተዉት የተባለ ቦርድ ግን ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅ አይችልም። ሳይስማሙ መወሰን፣ ወስኖም ሳይጣሉ መለያየት የሚቻልበት መንገድ ያስፈልገዋል። የሮበርት ደንብ የሚያገለግለን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ከቃላቱ ጀምሮ አማርኛ አለን። ሞሽን የሚሉት የውሳኔ ሐሳብ ነው። ምልዓተ ጉባኤ፣ ማሻሻያ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ ቃለ ጉባኤ፤ እነዚህን ሁሉ ከቀበሌ እስከ ፓርላማ ስንሰማቸው ያደግን ናቸው። የጎደለን ቃላቱን በየቦታቸው ማዋል ነው።

የደንቡ መሠረት በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በእኛ ስብሰባ የተለመደው ግን ምንድን ነው? አንዱ ስለ አዳራሽ ኪራይ ይጀምራል፤ ሁለተኛው "ከዚያ በፊት የባለፈው ዓመት ሒሳብ" ይላል፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ትቶ ማኅበሩ እንዴት እንደ ተመሠረተ ከመነሻው ይተርካል። በመጨረሻ ሰብሳቢው "እንግዲህ ተስማምተናል" ይላል፤ በምን እንደ ተስማማን ግን ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። በሮበርት ደንብ ማንም ሰው መከራከር ከመጀመሩ በፊት አንድ አባል የውሳኔ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማቅረብ አለበት፤ ረዘም ያለ ከሆነ በጽሑፍ።

ለምሳሌ ያህል አንድ አባል፣ "ለአስከሬን መላኪያ እያንዳንዱ አባል የሚያዋጣው 100 ዶላር ወደ 150 ዶላር ከፍ እንዲል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ" ቢል፣ ሌላው "እደግፋለሁ" ይላል። መደገፉ ጉዳዩ ለውይይት ይብቃ ማለት ብቻ ነው፤ በሐሳቡ መስማማቱን አያሳይም። ከዚያ ሰብሳቢው ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ያነብባል፤ ክርክሩም በዚያ ላይ ብቻ ይሆናል። አንዱ "150 የሚለው 125 ተብሎ ይሻሻል" ቢል፣ መጀመሪያ ክርክርና ድምፅ የሚደረገው በማሻሻያው ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሻሻያው ቢያልፍ መዋጮው 125 ሆነ ማለት አይደለም። በጠረጴዛው ላይ ያለው ሐሳብ አሁን "125 ይሁን" የሚል ሆነ ማለት ብቻ ነው፤ ራሱ ሐሳቡ ገና ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሊወድቅም ይችላል። ማሻሻያውን የደገፈ ሰው በመጨረሻ ጠቅላላውን ሐሳብ ቢቃወም ወላዋይ አይባልም፤ "ከፍ ካለ አይቀር በትንሹ ይሁን፤ ባይሆን ግን እመርጣለሁ" ማለቱ ነው። መረጃ ካነሰ ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ይመራ፣ ወይም እስከዚህ ቀን ይቆይ ማለትም ይቻላል።

ድምፅ ሲቆጠር የሚነሣውንም ክርክር አሁኑኑ እንጨርሰው። ቦርዳችን ዘጠኝ ሰው ነው። አራት ሰው ቢደግፍ፣ ሦስት ቢቃወም፣ ሁለት ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርግ ሐሳቡ አለፈ ወይስ ወደቀ? ግማሹ ሰው "አራት የዘጠኝ አብላጫ አይደለም" ይላል። በሮበርት ደንብ ግን አልፏል፤ አብላጫ የሚቆጠረው ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ነው፤ የታቀበ አልሰጠም። እኩል ለእኩል ከሆነ ሐሳቡ ወድቋል። ምልዓተ ጉባኤውም፣ ደንባችን ሌላ ካላለ፣ ከዘጠኙ አምስት ሰው ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ሰው አንድ በአንድ ወጥቶ አራት ሰው ብቻ ከቀረ፣ እነዚያ አራቱ የፈለጉትን ያህል ቢስማሙ ውሳኔ አይደለም፤ ጨዋታ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን፤ ብዙ ማኅበራት ደንቡን ይዘው የሚወድቁት በዚህ ነውና። መጽሐፉ ለትልቅ ጉባኤና ለትንሽ ቦርድ አንድ ዓይነት ልብስ አልሰፋም። እስከ አሥራ ሁለት ገደማ ሰው ላለው ትንሽ ቦርድ ቀለል ያለ ሥርዓት አለው። ተነሥቶ መናገር አያስፈልግም፤ ለውሳኔ ሐሳብ ደጋፊ አያስፈልግም፤ ገና ሐሳብ ሳይቀርብም በአንድ ርእስ ላይ መወያየት ይቻላል፤ ሰብሳቢው እንደ ማንኛውም አባል ይከራከራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ ድምፅም ይሰጣል። በትልቅ ጉባኤ ግን ሰብሳቢው ከክርክሩ ይርቃል፤ መከራከር ከፈለገም ለዚያ ጉዳይ ወንበሩን ለሌላ ይለቅቃል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው በአንድ የምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እንደ አሜሪካ ምክር ቤት "ክቡር ሰብሳቢ፣ መድረኩ ይሰጠኝ" እያለ ሲነሣ ሲቀመጥ ያየ ሰው፣ ደንቡ ራሱ ያላዘዘውን ትጋት እያየ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከመጽሐፉ ጠንከር ብለናል። መጽሐፉ በትልቅ ጉባኤ አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አሥር ደቂቃ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ በትንሽ ቦርድ ደግሞ የጊዜያቱን ቁጥር አይገድብም። ሮበርት የሐበሻ ስብሰባ አላጋጠመውም። አንድ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ለዘጠኝ ሰው 27 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የታክሲ ነጂው ሰዓት በገንዘብ ሲታሰብ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ስለዚህ በረቂቃችን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ደቂቃ እንዲናገር፣ ያልተናገረ ሰው እጁን አውጥቶ ሳለም የተናገረ እንዳይደግም ጽፈናል። ይህ ሁለተኛው በመጽሐፉም ያለ ነው፤ በትልቅ ጉባኤ ያልተናገረ ሰው ቅድሚያ አለው።

ሰዓቱን የሚጠብቀው ሰብሳቢ ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ተራ አስከባሪን ያውቃል። ተራ አስከባሪ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አይወስንም፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ያስጠብቃል፤ ወዳጁም ቢሆን ከመሐል ሊያስገባ ሲል ሰልፉ ይጮኽበታል። "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" የሚለው አነጋገር እንግዲህ የሰልፉ ጩኸት ነው። ሰብሳቢው ብይን ይሰጣል፤ ብይኑ ያልጣመው አባል ለጉባኤው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ሌላ አባል ከደገፈው ጉባኤው በድምፅ ይወስናል። ሰብሳቢ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም።

ነገር ግን ሰባ ዓመት የሞላቸውን አባት፣ ልጃቸው የምትሆን ሰብሳቢ "ጋሼ፣ ሰዓትዎ አልቋል" እንዴት ትበል? ይህን ቀላል ነው ብለን አናልፈውም። ባህላችን ታላቅን አታቋርጥ ይላል፤ ትክክልም ነው። እኛ ያሰብነው መፍትሔ ሰዓት የሚይዝ ሌላ ሰው ተመድቦ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሆን ቢጫ ካርድ እንዲያሳይ ነው። ካርዱ ለሁሉም ይወጣል፤ ለሰብሳቢዋም ይወጣል። ያን ጊዜ አባትን ያቋረጠች ልጅ የለችም፤ ጉባኤው ራሱ የተስማማበት ደንብ ነው የተናገረው። በዋሽንግተን እስከ 2008 ድረስ ታክሲ በዞን ሲያስከፍል የቆየ ሰው ይህን ይረዳል። የዞን መስመር የቱ ጋ እንደ ሆነ ከተሳፋሪ ጋር መሟገት ነበር። ሜትሩ ሲገባ ነጂውም ተሳፋሪውም አንድ ቁጥር ማየት ጀመሩ። (ሜትሩ ገቢያችንን ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም የሚለውን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም።)

ሌላው ለእኛ እጅግ የሚጠቅመው፣ ንግግር ሁሉ ለሰብሳቢው እንዲሆን የሚያዝዘው ሥርዓት ነው። አባል ከአባል ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም፤ ስም አይጠራም፤ ስለ ሌላው ልብና ዓላማ አይናገርም። "የቀረበው ሒሳብ ትክክል አይመስለኝም" ማለት ይቻላል፤ "ሒሳቡን ያቀረበው ሰው ሆን ብሎ ነው" ማለት አይቻልም። በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። የእኛ ጠብ የሚጀምረው ሰው ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ሲወርድ ነው፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን። ለሰብሳቢው ብቻ የሚናገር ሰው ግን ስለ ባላጋራው የሚናገረው "ከእኔ በፊት የተናገሩት አባል እንዳሉት" እያለ ነው። ቢናደድም "አንተ" የሚልበት ቦታ የለውም።

ወደ አናሳው መብት እንምጣ። ክርክሩ ሲሞቅ አንዱ "ይበቃል! ወደ ድምፅ!" ይላል፤ ሌሎች ያጨበጭባሉ፤ ሰብሳቢውም ድምፅ ያሰጣል። በሮበርት ደንብ ይህ አይሆንም። ክርክር የሚዘጋው ይዘጋ የሚለው ሐሳብ በሥርዓት ቀርቦ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ነው። ዘጠኙም ድምፅ ከሰጡ ስድስት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አምስት ሰው አራቱን ማሸነፍ ይችላል፤ አምስት ሰው አራቱን ዝም ማሰኘት ግን አይችልም። ማኅበር የሚሰነጠቀው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው ነው። ስለ ጭብጨባም ካነሣን አይቀር፣ "በጭብጨባ ጸድቋል" የሚለው ልማድ ይቅር እንላለን። ቀላል ጉዳይ ከሆነ ሰብሳቢው "ተቃውሞ አለ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ አልፏል፤ አንድ ሰው እንኳ "አለኝ" ካለ ወደ ክርክርና ድምፅ ይኬዳል።

በአገራችን ጉዳይ መግለጫ እናውጣ የሚለውም አለ። የማንንም አቋም ሳንነካ እንናገራለን። ለሐዘንና ለደስታ የተቋቋመ ማኅበር እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብለት፣ ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ማንም ቢያሸንፍ ሁለቱም ወገን ቆስሎ ይወጣል። ደንቡ ለዚህ መንገድ አለው። ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ አባል "ይህ ሐሳብ ለውይይት እንዳይቀርብ እቃወማለሁ" ማለት ይችላል። ያለ ክርክር ወዲያው ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስተኛው እንዳይቀርብ ካለ ጉዳዩ በዚያ ስብሰባ ይቀራል። ካላለ ደግሞ በሥርዓት ይከራከሩበታል። ይህ መሣሪያ ከባድ ስለ ሆነ በየጊዜው የሚመዘዝ አይደለም፤ መኖሩን ግን እንወቅ።

"እኔ ባልነበርኩበት ተወሰነ" የሚለውንስ? የተወሰነ ጉዳይ በየስብሰባው እንደ አዲስ ሊነሣ አይገባም። በዚያው ስብሰባ እንደ ገና ይታይ ማለት የሚችለው ከአሸናፊው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው፤ የተሸነፈው ደጋግሞ እንዳያነሣው። በሌላ ጊዜ ለመሻር ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም አስቀድሞ ማስታወቂያ ተሰጥቶበት ከሆነ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ይህ ማስታወቂያ ለቀረው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ጉዳዩ ዳግም እንደሚነሣ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሥራውን አስተካክሎ ይመጣል።

ቃለ ጉባኤ ላይ ብዙ አንቆይም። ቃለ ጉባኤ የተደረገውን እንጂ የተባለውን አይጽፍም። ማን ምን ብሎ ማንን እንዳስቀየመ የሚተርክ ቃለ ጉባኤ ለሚቀጥለው ጠብ ማገዶ ነው። ሐሳቡ በቃሉ፣ ያቀረበው ሰው፣ የድምፁ ውጤት፤ ይኸው ነው። የገንዘብ ያዥ ሪፖርትም "ይጽደቅ" አይባልም፤ ይሰማል፣ ይጠየቃል፣ ይያዛል። የሚጸድቀው ኦዲተር መርምሮ ያቀረበው ነው። ይህ የቁም ነገር ልዩነት ነው፤ ያልተመረመረ ሒሳብ ማጽደቅ ገንዘብ ያዡንም አባሉንም አይጠብቅም። የባንክ ፈራሚ ሲቀየርም ባንኩ የሚጠይቀው ቃለ ጉባኤውን ነው፤ ትልልቅ ማኅበራት ለአይ.አር.ኤስ. በሚሞሉት ፎርም 990 ላይም የቦርድ ስብሰባዎች በወቅቱ በጽሑፍ መያዛቸውን የሚጠይቅ ቦታ አለ።

ስልክም አለ። ከመካከላችን በሥራ ላይ ሆኖ በስልክ መሰብሰብ የማይፈልግ የለም። የሮበርት ደንብ በስልክም ሆነ በዙም መሰብሰብን የሚፈቅደው መተዳደሪያ ደንባችን በግልጽ ከፈቀደ ነው፤ ስለዚህ በረቂቁ አስገብተነዋል፤ እየነዱ ድምፅ መስጠትን ግን አላስገባንም። በዋትስአፕና በቴሌግራም ቡድን "የምትስማሙ አውራ ጣት" እየተባለ የሚሰጠው ግን ድምፅ አይደለም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ ቦርድ ሳይሰበሰብ የሚወስነው አባላቱ በሙሉ በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። የቦርድ አባል ድምፁን በውክልና መስጠትም እንዲሁ በአብዛኛው አይፈቀድም። ሕግና ደንብ ሲጋጩ የስቴቱ ሕግ ይበልጣል፤ ከዚያ የማኅበሩ መመሥረቻና መተዳደሪያ ደንብ፤ የሮበርት መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው።

ደንቡ ጉድለት የለውም ብለን አንሸጥላችሁም። ሰባት መቶ ገጽ ያነበበ ሰው ያላነበበውን ሊያስፈራራበት ይችላል። በየሁለት ደቂቃው "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ" እያለ ስብሰባ የሚያሰናክል፣ ደንቡን እንደ ዱላ የሚይዝ ሰው በሌሎች ማኅበራት አይተናል። ለዚህም መጽሐፉ ራሱ መልስ አለው፤ ሥራ ለማሰናከል ብቻ የሚቀርብ ሐሳብን ሰብሳቢው አልቀበልም ማለት ይችላል። ሁለተኛው ጉድለት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የቀለለው ወጣት በአማርኛ ብቻ የሚከራከሩትን እናቶች እንዳይበልጥ፣ ለቦርድ የሚያስፈልገውን ብቻ በስድስት ገጽ አማርኛ አዘጋጅተናል። ማንም አባል ከዚያ ከስድስቱ ገጽ ውጭ ያለ ነገር ቢጠቅስ፣ ገጹን አሳይቶ ተርጉሞ ማስረዳት የእርሱ ግዴታ ነው ብለናል።

ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው አንቀጽ አጭር ነው። "የስቴቱ ሕግና ይህ መተዳደሪያ ደንብ መልስ ባልሰጡበት የስብሰባ ጉዳይ ሁሉ የቅርብ ጊዜው የሮበርት ደንብ እትም ይሠራበታል" ይላል። ከእርሱ ቀጥሎ የሦስት ደቂቃው፣ የቢጫ ካርዱና የስልኩ ንዑስ አንቀጾች አሉ። ደንብ ማሻሻያ በመሆኑ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ረቂቁም ከ30 ቀን በፊት ለአባላት መድረስ ስላለበት ዛሬ ስትወጡ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ትወስዳላችሁ። ቃሉ ያልጣማችሁ ወይም የምትቃወሙ በጽሑፍ ስጡን፤ ተቃውሞአችሁን ከረቂቁ ጋር አባዝተን እናሰራጫለን።

ከድምፁ በፊት አንድ የልምምድ ስብሰባ እናደርጋለን። ቀኑ ለታክሲ ነጂዎች ስንል ሥራ በሚቀዘቅዝበት በሰኞ ማታ ነው፤ ቦታውን በስልክ እናሳውቃለን። የልምምዱ የውሳኔ ሐሳብ "ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ከዶሮ ወጥ ይልቅ ክትፎ ይቅረብ" የሚል ነው። ማሻሻያ ማቅረብ ይቻላል፤ ንግግር ግን ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው።